እንግዳ እስኪመጣ ቆሞ እንዲጠብቅ ስለታዘዘው ገብስ

ለላይ ተከዜ የሰብል ማላመድና ማስተዋወቅ ጽሕፈት ቤት
ሰቆጣ

ክቡር የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፤ የተከበሩ ምክትል ኃላፊ፤ የተከበራችሁ የሥራ ሂደት አስተባባሪዎች፤ ውድ ተመራማሪዎችና የኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፤ የድንኳኑን ካስማ ደጋግማችሁ የተከላችሁና ደጋግማችሁ የነቀላችሁ የጠቅላላ አገልግሎት ሠራተኞች፤ ከእንግዶቹ ሁሉ ቀድማችሁ የምታዩን ሹፌሮች፤ በመጨረሻም በማዕረግ ከሁላችን ዝቅ ያልከው፣ በትዕግሥት ግን ከሁላችን የበለጥከው፣ በላይ ሜዳ ቀበሌ መንገድ ዳር ቆመህ የምትጠብቅ ገብስ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። ክቡርነትዎ እንዴት ሰንብተዋል? የኅዳር ብርድ እንዴት ይዞዎታል? ቤተሰብዎ፣ ባልደረቦችዎ፣ ተሽከርካሪዎችዎ ሁሉ በደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። ደኅና ያልሆነው አንድ ገብሱ ብቻ ስለሆነ ይህን ግልጽ ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

እኔ ይርዳው የሻምበል፣ የወረዳችን ምክር ቤት የቀድሞ አፈ ጉባኤ፣ ዛሬ በጡረታ ላይ ሆኜ የላይ ሜዳ የሀገር ሽማግሌዎች ጉባኤን በሰብሳቢነት የማገለግል ሰው ነኝ። ደብዳቤዬን በመዝገብ ቤት በኩል መላክ ወጉ መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ነገር ግን ወረቀት በየጠረጴዛው የሚያድርበትን ዘመን ገብሱ የማይችለው ሆኖ ስላገኘሁት ሕዝብ በሚያነብበት ቦታ ማውጣቱን መርጫለሁ፤ ለዚህ ድፍረቴ ይቅርታችሁን እለምናለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢያን በአጭሩ ላስረዳ። ባለፈው ክረምት መግቢያ ጽሕፈት ቤታችሁ ፈጥኖ የሚደርስ የገብስ ዝርያ ለአካባቢያችን ለማስተዋወቅ አስቦ፣ ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን የወይዘሮ ማንጠግቦሽ ምሳውን ማሳ ለሠርቶ ማሳያነት መረጠ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ባለቤታቸውን በሞት ያጡ፣ አንድ ልጃቸው አንዷለምም ሥራ ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ የሄደባቸው፣ ቤታቸውን ብቻቸውን የያዙ ጎረቤታችን ናቸው። ያላቸው ደህና መሬት ይኸው የመንገድ ዳሩ ስለሆነ የዓመት ቀለባቸው ተስፋ በእርሱ ላይ ነው። ማሳው የተመረጠበት ምክንያት ለምነቱ ብቻ እንዳልሆነ፣ ከመኪና ሳይወረድም በደንብ የሚታይ በመሆኑ ጭምር እንደሆነ የራሳችሁ ባለሙያ በቅንነት ገልጸውልናል። ከዘሩ በፊት የገባው ታፔላ ነው፤ በሲሚንቶ ጸንቶ ስለተተከለ እስካሁን አንድም ነፋስ አልነቀነቀውም።

ዘሩ መልካም ዘር ነው። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ በዚህ ላይ አሽሙር የለኝም። ዝናብ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ በሚወጣበት በእኛ ደጋ ቶሎ የሚደርስ ገብስ ማለት ጎተራ የሚጠረግበትን ክፉ ጊዜ የሚያሳጥር ማለት ነው፤ ይህን ዘር ለማግኘት ዓመታት የደከሙ ተመራማሪዎችም ምርቃት እንጂ ወቀሳ አይገባቸውም። የቀበሌያችን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወይዘሪት ማስተዋልም ጭቃ ውስጥ ገብታ፣ ሲባጎውን በራሷ እጅ ወጥራ፣ ገብሱ በመስመር እንዲዘራ አድርጋለች። እንደተባለውም ሆነ። የሌላው ሰው ገብስ ገና አረንጓዴ ሳለ የወይዘሮ ማንጠግቦሽ ገብስ ለመስቀል ሰሞን ነጣ። ከማኅበር የሚመለሰው ሁሉ ጎራ እያለ ዛላውን በእጁ እያሸ ፍሬውን ይቀምስ ነበር። ማስተዋል በዚያ ሳምንት ስትሄድ እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር።

ይህ ሁሉ ደስታ በሆነ በማግሥቱ ከጽሕፈት ቤታችሁ በስልክ ትእዛዝ መጣ፤ የመስክ በዓል ተዘጋጅቶ ከፍተኛ እንግዶች ማሳውን ሳይጎበኙ ማጭድ እንዳይነካው የሚል። ከዚህ በታች በአክብሮት የምዘረዝራቸው ቅሬታዎች ሁሉ ከዚህች ትእዛዝ የተወለዱ ናቸው።

አንደኛ። እንግዶቹ ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት ይመጣሉ ተባለ፤ ስብሰባ ያዛቸው። በጥቅምት አጋማሽ ይመጣሉ ተባለ፤ ተሽከርካሪ ታጣ። ድንኳኑ በየጊዜው ተተክሎ በየጊዜው ተነቅሏል፤ ታፔላውም አቧራ እንዳይታይበት እንደገና ቀለም ተቀብቷል። ለዚህ ጥንቃቄያችሁ ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። ጎረቤታችን አያ ቢምረው ታፔላው ሲቀባ ቆመው እያዩ፣ "እሱን እንኳ ተዉት፣ እሱ አይረግፍም" ማለታቸውን ግን በታማኝነት ማስተላለፍ አለብኝ። እኚሁ ሰው ለወይዘሮ ማንጠግቦሽም፣ "ገብስሽ ድርቅ ይችላል ተብሎ ተሞክሯል፤ እንግዳ መጠበቅ ይችል እንደሁ ግን የሞከረው የለም" ብለዋቸዋል። አስተያየቱ ለቀጣይ ምርምር መነሻ ይሆን እንደሆነ ለእናንተ ትቼዋለሁ። እኔ ለማለት የምደፍረው፣ ፈጥኖ እንዲደርስ የተመረጠ ገብስ በቀበሌያችን ታሪክ ከገብስ ሁሉ ዘግይቶ የሚታጨድ ሆኖ መገኘቱ ለእኛ ለማይማሮቹ ትንሽ ግር ማለቱን ብቻ ነው። የወይዘሮ ማንጠግቦሽ ጎረቤቶች የአገር ገብስ፣ ዘግይቶ የሚደርሰው ማለቴ ነው፣ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ከገባ ሰንብቷል።

ሁለተኛ። ይህኛው ከሁሉ የሚከብደው ስለሆነ ትዕግሥታችሁን እሻለሁ። በእኛ ዘንድ አጨዳ የሚሠራው በወንፈል ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ ዛሬ የአንዱን ያጭዳል፤ በማግሥቱ ወደ ሌላው ያልፋል፤ ሁሉም በጉልበቱ ይበደራል፤ በጉልበቱ ይከፍላል። ተራውን ያሳለፈ ሰው ወደ መጨረሻ ይሄዳል፤ ይህን ሕግ የጻፈው የለም፣ የሚጥሰውም የለም። ልጅ በአጠገቡ ለሌለው ሰው፣ እንደ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ላለ፣ ያለ ወንፈል አጨዳ የለም። ገብሳቸው ቀድሞ ስለደረሰ የመጀመሪያው ተራ ለእርሳቸው ተሰጠ። እርሳቸውም ጠላ ጠምቀው፣ ቆሎ ቆልተው፣ ድፎ ደፍተው ጠበቁ። ወንፈሉ በማለዳ ማጭዱን ይዞ ሲደርስ ግን የስልኩ ትእዛዝ ቀድሞ ደርሷቸው ነበርና ከማሳው ጠርዝ ላይ ቆመው፣ "ዛሬ አይሆንም፤ እንግዳ አለብኝ" አሉ። የጠየቋቸውም የወንፈሉ አለቃ፣ እኒያው አያ ቢምረው ናቸው።

"እንግዳው መቼ ነው የሚመጣ?"

"እኔ ምን አውቄ። የሚያውቁት እነሱ ናቸው።"

"እነሱስ ያውቁት ይሆን?"

ደግሶ የጠራን ሰው ማሳፈር ስለማይገባ ጠላውን ጠጥተን፣ ድፎውን በልተን፣ ገብሱን ባለበት ትተን ወደየቤታችን ተመለስን። በዕድሜዬ ብዙ ወንፈል አይቻለሁ፤ አንዲት ነዶ ሳይታሰር ምርቃት የተደረገበትን ግን በእናንተ ዘመን ለማየት በቃሁ። በጥቅምት አጋማሽ ጎረቤት አዝኖላቸው ተራውን ደግሞ ሲሰጣቸው ያው ትእዛዝ ጸንቶ ስለነበር ያው ድግስ እንደገና ተበላ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ አዲሱን ገብስ ሊያስገቡ ሲጠብቁ አሮጌውን ገብስ ለጠላው ጨረሱት። አሁን ወንፈሉ የቀረው ሥራ ትንሽ ነው። ከዚህ ሳምንት በኋላ ሁሉም ወደ ቆላው የማሽላ አጨዳ ይወርዳል፤ የገና በዓል ሳይደርስም አይመለስም። በዚያን ጊዜ ከዚህ ማሳ የሚታጨደው ገለባ ብቻ ይሆናል። ዛላው ደርቆ ነፋስ በነካው ቁጥር ከአንገቱ እየተቀነጠሰ ይወድቃል፤ ወይዘሮ ማንጠግቦሽም ማታ ማታ ጎንበስ ብለው ከመሬት እየለቀሙ በቀሚሳቸው ይዘው ይገባሉ። መልቀም አልተከለከለምና።

ሦስተኛ። የመስክ በዓሉ በጥቅምት መድኃኔዓለም ዕለት እንዲሆን መቆረጡን በደስታ ሰማን። ምክንያታችሁም የሚያስመሰግን ነበር፤ አርሶ አደሩ በበዓል ቀን ሥራ ስለማይሠራ በነቂስ ይገኝልናል ብላችሁ ነው። አዎን፣ በመድኃኔዓለም ዕለት በእኛ አገር ሞፈር የሚነካ፣ ማጭድ የሚያነሣ የለም። ይህን ያህል ስለ ባህላችን ማጥናታችሁ አኩርቶናል። ጥናቱ ትንሽ ገፋ ብሎ፣ ሰው በዕለቱ ሥራውን ትቶ የት እንደሚሄድ ቢጠይቅ ኖሮ ደግሞ ይበልጥ ባኮራን ነበር። እንደ ሰማችሁት ቀበሌው በሙሉ፣ ከሕፃን እስከ አዛውንት፣ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ማስተዋል ቀደም ብላ ደውላ ልታስረዳ ሞክራ ነበር፤ ከወዲያ በኩል "አንቺ ሕዝቡን ቀስቅሽ" ተባለች። ልጂቱ ሕዝቡን ታቦቱ ከሚነግሥበት ደጅ ቀስቅሳ ገብስ ወዳለበት ልታመጣው ስላልቻለች በሥራ አፈጻጸሟ ላይ አስተያየት ተጽፎባታል አሉ። አስተያየቱን የጻፈው ሰው በሚመጣው ዓመት በዚያው ቀን መጥቶ እርሱ ራሱ ቢሞክር የሀገር ሽማግሌዎች ጉባኤ መንገድ ያሳየዋል።

አራተኛ። በዚሁ ዕለት የቅድሚያ ዝግጅት የምታይ አንዲት መኪና ከማሳው ዳር ደርሳ፣ ሞተሯን ሳታጠፋ ጥቂት ቆማ፣ ሰው ስታጣ ተመልሳለች፤ እንግዶቹም አልመጡም። በማግሥቱ በጽሕፈት ቤታችሁ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ከመስኮት የተነሣ ፎቶግራፍ ወጣ። በፎቶግራፉ ላይ የበዓሉን ኮፍያና የበዓሉን ካናቴራ የለበሰ አንድ ሰው በገብሱ መካከል እጁን ዘርግቶ ይታያል። ከሥሩም፣ የመስክ ጉብኝቱ በደማቅ ሁኔታ መከናወኑና ሞዴል አርሶ አደሩ ምርታቸውን በኩራት ማስጎብኘታቸው ተገልጿል።

ክቡር ሆይ፣ ያ ሰው የወፍ ማስፈራሪያ ነው።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ገብሳቸው እንዳይታጨድ ቢከለከሉም በወፍ እንዲበላ አልታዘዙምና፣ ለበዓሉ የታደለውን ልብስ ከጭራሮ በሠሩት ማስፈራሪያ ላይ አልብሰውት ነበር። እርሳቸው እንደሚሉት ካናቴራው ለእርሳቸው ጠቦ ነው እንጂ በንቀት አይደለም። ፎቶግራፉ ግን ብዙ አገር ዞረ። ልጃቸው አንዷለም ካለበት ዓረብ አገር አይቶት በስልክ፣ "እማዬ፣ ማሳችን ውስጥ የቆመው ሰውዬ ማነው? ሠራተኛ ቀጠርሽ እንዴ?" ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም፣ "ሱሪው የአባትህ ነው፣ ካናቴራው የመንግሥት ነው፣ የቀረው ጭራሮ ነው" ብለው መለሱለት። ልጁ ብዙ ሳቀ አሉ። ቀጥሎ ግን፣ "ታዲያ ገብሱ እስካሁን ለምን አልታጨደም?" ሲላቸው ስልኩን ለማስተዋል ሰጧት። እርሷም ስለ አየሩ ጠባይ አጫወተችው።

አምስተኛውን ቅሬታ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ በጽሑፍ እንዳይሰፍር ስለለመኑኝ ትቼዋለሁ። በቃል ሲናገሩት የሰሙ ጎረቤቶች ግን አሉ፤ በአገራችን አገውኛ፣ በኽምጣና ስለሆነ የተናገሩት ብትሰሙት እንኳ ሙሉ ጣዕሙ አያገኛችሁም።

ክቡር የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፤

እኛ ሽማግሌዎች ነንና ለማስታረቅ እንጂ ለመካሰስ አንቀመጥም። ስለዚህ የራሳችሁን ቃል መሠረት አድርገን አንድ መፍትሔ አግኝተናል። የመስክ ጉብኝቱ በደማቅ ሁኔታ መከናወኑን ለዓለም ሁሉ ያስታወቃችሁት እናንተው ናችሁ። የመንግሥትን ቃል ማመን ደግሞ የዜጋ ግዴታ ነው። ጉብኝቱ ከተከናወነ፣ ገብሱ እንግዳ የመጠበቅ ግዴታውን ፈጽሟል ማለት ነው። አሁን በቅርቡ በስልክ፣ ዋናው የመስክ በዓል ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ባለው አመቺ ቀን እንደሚካሄድና ገብሱም እስከዚያው እንዲቆይ የተነገረን ነገር፣ ከገጻችሁ ጋር ስለሚጋጭ፣ ክብራችሁን ለመጠበቅ ስንል እንዳልሰማን ቆጥረነዋል።

በዚህም መሠረት ወንፈሉ ወደ ቆላ ከመውረዱ በፊት፣ በመጪው ሐሙስ፣ የወይዘሮ ማንጠግቦሽ ገብስ እንዲታጨድ ጉባኤያችን ወስኗል። እስከዚያ ድረስ እንግዶቻችሁ ሊመጡ ከቻሉ በደስታ እንቀበላቸዋለን፤ ማጭድ የሚይዝ እጅ ካላቸው ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለናል። ሊመጡ ካልቻሉም ከነአካቴው ባዶ ማሳ እንዳይጠብቃቸው፣ በመንገዱ በኩል ከመኪና መስኮት ሲታይ ማሳው ሙሉ የሚመስልበት ጥቂት መስመር ሳይታጨድ እንዲተው ተስማምተናል። ከዚያ በስተጀርባ ያለውን ማየት የሚፈልግ እንግዳ መውረድ ይኖርበታል፤ እስካሁን ባለን ልምድ ይህ ብዙ የሚያሰጋ አይመስለንም።

አንድ ነገር ግን ያለ ቀልድ ልጨምር። በመንደራችን አንድ ዘር የሚመዘነው በታፔላው አይደለም። ሰው የሚጠይቀው ማንጠግቦሽ ምን ያህል አስገባች ብሎ ነው። ይህ ገብስ ሜዳ ላይ ከረገፈ፣ እንግዳ ሲጠብቅ ረገፈ ብሎ የሚያስታውስ አይኖርም፤ የቢሮው ገብስ ይረግፋል ተብሎ ይቀራል እንጂ። ከዚያ በኋላ ማስተዋል በየደጁ ብትዞር ዘሩን የሚቀበላት አታገኝም። ድርቅ ያላሸነፈውን ዘር ቀጠሮ እንዲያሸንፈው መፍቀድ ለደከማችሁበት ሥራ አይገባውም። የወይዘሮ ማንጠግቦሽ ጎተራ ደግሞ ዛሬ ባዶ ነው፤ ለሁለት ጊዜ የጠጣነው ጠላ ከዚያው ነበርና እኛም ይህን ስንጽፍ ትንሽ እናፍራለን።

ስለ ሁሉም ነገር ምስጋናችን ወሰን የለውም። ስለ ዘሩ ከልብ እናመሰግናለን። ስለ ታፔላው ቀለም እናመሰግናለን። ስለ ኮፍያውና ስለ ካናቴራው ወፎቹ ራሳቸው ምስክር ናቸው። እግዚአብሔር ለጽሕፈት ቤታችሁ የጀመረውን የሚፈጽምበት ጉልበት፣ ለተመራማሪዎቻችሁ ረጅም ዕድሜ፣ ለእንግዶቻችሁ ደግሞ ከስብሰባ የተረፈች አንዲት ቀን እንዲሰጥልን እየተመኘሁ፣ የመጪው ምርት ዘመን ሥራችሁ የተሳካና በወቅቱ የሚከናወን እንዲሆን በሀገር ሽማግሌዎች ስም መልካም ምኞቴን እገልጻለሁ።

በፍጹም ትሕትና፣ እጅ በመንሣት፣ እንደ ገብሱም ሁሉ በእግራችን ቆመን እየጠበቅን፣

ይርዳው የሻምበል
የወረዳው ምክር ቤት የቀድሞ አፈ ጉባኤ፣
የላይ ሜዳ የሀገር ሽማግሌዎች ጉባኤ ሰብሳቢ

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ለጉባኤያችን ቀርቦ፣ "ክቡር" የሚለው ቃል በቂ ጊዜ ገብቷል ወይስ ይጨመር በሚለው ላይ ስንወያይ ሰነበትን። የእናንተ ልማድ ሳናውቀው ተጋብቶብን ይሆናል። በሁለተኛው ስብሰባችን መካከል አያ ቢምረው ማጭዳቸውን በትከሻቸው አንግተው፣ ወንፈሉን አስከትለው በደጃችን ሲያልፉ፣ "እናንተ ጻፉ፤ እኛ እንጨድ" ብለውን ሄዱ። እኛ ስለ ሐሙስ ስንወስን ገብሱ ማክሰኞ ታጨደ። ለእንግዶች ይተው ያልነው የመንገድ ዳር መስመርም አብሮ ታጭዷል፤ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ፣ "እሱስ ለምን ይተዋል፣ እህል አይደለም እንዴ?" ስላሉ የሚከራከራቸው አልተገኘም። ከረገፈው የተረፈው አሁን አውድማ ላይ ተከምሯል። እንደ ፈራነው አልሆነም፤ እንደ ተመኘነውም አይደለም። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ፈቃድ መጠየቂያ መሆኑ ቀርቶ ማስታወቂያ ሆኖ ይመዝገብልን።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ዘሩን ወደውታል፤ ለከርሞም እንዲሰጣቸው በማስተዋል በኩል ጠይቀዋል። የሚዘሩት ግን ከጉብታው ጀርባ፣ መኪና በማያየው ማሳ ነው።